የራዳር ማጉያን የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ማሻሻል፦ ከኮምቦልቻ ወርክሾፕ እስከ ደሴ ከፍታ

የራዳር ማጉያ ሲግል መጀመሪያ የሚወቀሰው ፓምፑ ነው። ትልቅ ፓምፕ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ ሙቀቱ ግን አንድ ሁለት ዲግሪ ዝቅ ብሎ እዚያው ይቀራል። ሙቀቱ የታፈነው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው፦ ከሞጁሉ (ሲግናሉን ከሚያጎላው አሃድ) ሥር ባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ በተቀረቀረ አየር፣ ወይም ለባሕር ጠለል ታስቦ በተሠራ ራዲያተር።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር 8 ሞጁሎች ላሉት፣ መሬት ላይ ለሚቆም የራዳር አስተላላፊ ነው። ኮምቦልቻ ላይ (ወደ 1,850 ሜትር) ተሠርቶና ተፈትኖ ደሴ ላይ (ወደ 2,500 ሜትር) የሚተከል እንደሆነ እናስብ። የእናንተ መሣሪያ ቁጥሩ ቢለይም ስሌቱ ያው ነው።

ሳትፈቱ ለኩ

አንድም ብሎን ሳትነኩ ማጉያውን በተለመደው ኃይሉ ለ45 ደቂቃ አሠሩ። ውጤቱን ከአንቴናው ነቅላችሁ ከይምሰል ጭነት (ዳሚ ሎድ) ጋር አገናኙት፤ በሚያሰራጭ አንቴና ፊት ቆሞ ቴርሞሜትር አይነበብም። ከዚያ እነዚህን መዝግቡ፦ ወደ ማቀዝቀዣ ሰሌዳዎቹ (ሞጁሎቹ የተቀመጡባቸው፣ ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ብረቶች) የሚገባውን ፈሳሽ፣ የሚወጣውን ፈሳሽ፣ የእያንዳንዱን ሰሌዳ ገጽ፣ የእያንዳንዱን ሞጁል መቀመጫ፣ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን አየር።

ሰሌዳው ቀዝቅዞ ሞጁሉ ብቻ ከጋለ ችግሩ ቅባቱ ወይም የገጾቹ አለመገጣጠም ነው። ፈሳሹ ቀዝቅዞ ሰሌዳዎቹ ሁሉ ከጋሉ በቱቦው ውስጥ ያለው ፍሰት ሰነፍ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰሌዳ ብቻ ከጋለ እዚያ ቅርንጫፍ ላይ አየር ወይም ቆሻሻ አለ። በሚገባውና በሚወጣው ፈሳሽ መካከል ያለው ልዩነት ከታሰበው በላይ ሲሆን የፈሳሹ መጠን አንሷል ማለት ነው፤ ፓምፑን መጠርጠር ያለባችሁ እዚህ ጋ ብቻ ነው። ልዩነቱ ደህና ሆኖ ሁሉም ነገር እኩል ከጋለ ደግሞ ወደ ራዲያተሩና ወደ ፋኑ ሂዱ።

ሙቀቱ ስንት ነው?

የፐልሱን ጫፍ ኃይል ከአማካዩ ጋር አታምታቱ። ጫፉ 1,000 ዋት ሆኖ ከጊዜው 10 በመቶውን ብቻ የሚያስተላልፍ ሞጁል በአማካይ የሚያወጣው 100 ዋት ነው። ሙቀቱን ግን ከዚህ ቁጥር ተነስታችሁ አትገምቱ፤ ሞጁሉ ከኃይል አቅራቢው የሚስበውን አማካይ ኃይል ለኩና የሚያስተላልፈውን ቀንሱ። 300 ዋት ስቦ 100 ዋት ካስተላለፈ 200 ዋቱ ሙቀት ነው፤ ለ8 ሞጁል 1,600 ዋት። ኃይል አቅራቢው 90 በመቶ ብቃት ያለውና በዚሁ ፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ከሆነ 270 ዋት ያህል ይጨመራል። በዚህ ላይ ሩብ ያህል ትርፍ ያዙና በ2.4 ኪሎ ዋት አስሉ። ትርፉ የሚያስፈልገው አንቴናው ወይም ኬብሉ ሲበላሽ የሚመለሰው ኃይል ሙቀት ሆኖ ስለሚቀር ነው።

ለንጹህ ውሃ 1 ኪሎ ዋት በደቂቃ 1 ሊትር ላይ 14.3 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። 25 በመቶ ግላይኮል ላለው ድብልቅ 15 ብላችሁ ያዙት። መግቢያና መውጫው ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይራራቁ ከፈለጋችሁ 15 × 2.4 ÷ 5 = 7.2፤ በደቂቃ 8 ሊትር በቂ ነው። ለምን 5? የሞጁሎቹ ሙቀት ሲለያይ የሲግናላቸው ፌዝም (የሞገዱ መነሻ ቦታ) አብሮ ስለሚለያይ ነው። ስምንቱ ተደምረው አንድ ጨረር የሚሠሩ ከሆነ ከአንዱ ጠቅላላ ሙቀት ይልቅ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይበልጥ ይጎዳል።

ፈሳሹ

በአውሮፕላን ራዳር ውስጥ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሰው ሠራሽ ዘይት (ፒ.ኤ.ኦ) የተለመደ ነው። መሬት ላይ ላለ መሣሪያ አትመኙት፤ በሊትር የሚሸከመው ሙቀት ከውሃ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለ10 ሊትር 7.5 ሊትር ማዕድን የወጣለት ውሃ እና 2.5 ሊትር የዝገት መከላከያ ያለው ግላይኮል ይበቃል። ይህ ድብልቅ ከዜሮ በታች እስከ 10 ዲግሪ ያህል አይረጋም፤ ለደሴ ሌሊት ከበቂ በላይ ነው። “ግላይኮል ከበዛ ይሻላል” ብሎ ግማሽ በግማሽ ማድረግ ፈሳሹን ያወፍረዋል፣ ሙቀት መሸከሙንም ይቀንሳል። ከ20 በመቶ በታች ማውረድም አይበጅም፤ ግላይኮሉ ያኔ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል።

የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ አይግባበት፤ የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለው። ከመለዋወጫ ሱቅ “የባትሪ ውሃ” ስትገዙ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱም አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። በቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን መለኪያ) ስትለኩት ከ5 በታች ካላነበበ መልሱት። የመኪና አንቲፍሪዝ ውስጥ ያለው ሲሊኬት ጊዜ ሲሄድ ረግቶ ጠባብ መተላለፊያ ሊደፍን ይችላል፤ ለኢንዱስትሪ ማቀዝቀዣ የተዘጋጀውን፣ ለመዳብ መከላከያ ቤንዞትራያዞል ያለበትን ፈልጉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ የተደፋውን ልጅ ወይም ከብት ሊቀምሰው ይችላል። አሮጌውን በጀሪካን ሰብስቡ እንጂ ወደ ቦርከና በሚወርድ ቦይ አትልቀቁት። ሁለተኛ፣ ብር በተቀባና ዲሲ ቮልቴጅ ባለበት ሽቦ ላይ ከፈሰሰ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ካፈሰሳችሁ ኃይሉን አቋርጡ፣ በማዕድን አልባ ውሃ እጠቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። በጨርቅ መጥረግ ብቻ አይበቃም።

ሰሌዳዎቹ፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

ለእያንዳንዱ ሞጁል 150 × 100 × 12 ሚሊ ሜትር የሆነ መዳብ አስቆርጡ። ፍሬዛ ላይ ለ8 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቱቦ (የውስጥ ስፋቱ 6) ሦስት ምልልስ ያለው ቦይ ይውጣ፤ በምልልሶቹ መካከል 36 ሚሊ ሜትር፣ የቱቦው ርዝመት ወደ 50 ሳንቲ ሜትር። ቦዩ ሲወጣ ከሥሩ 4 ሚሊ ሜትር መዳብ ይቀራል፤ ይህ ሙቀቱን ከቺፑ ሥር ወደ ጎን የሚያዳርሰው ነው። የሞጁሉን ብሎኖች ከቦዩ መስመር ውጭ አድርጉ።

ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ መጀመሪያ በእሳት አለስልሱት፤ ከዚያ በማጠፊያ ስፕሪንግ አጥፉት። ስፕሪንግ ከሌለ የደረቀ ደቃቅ አሸዋ ሞልቶ ማጠፍ ይሠራል። ነገር ግን ውስጡ የቀረች አሸዋ ፓምፑን ትበላዋለች፤ ስለዚህ በኮምፕሬሰር ከንፋችሁ በኋላ ውሃ ደጋግማችሁ አሳልፉበትና በነጭ ጨርቅ አጥልላችሁ እዩ።

ቱቦውን በኢፖክሲ አታጣብቁት፤ ኢፖክሲ ከስታኞ (የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳ) ጋር ሲነጻጸር ሙቀት አያሳልፍም። ሰሌዳውን በኤሌክትሪክ ምድጃ 210 ዲግሪ ገደማ አድርሱ፣ ቦዩን ፍለክስ ቀቡ፣ 60/40 ስታኞ አፍስሱና ቱቦውን ጭናችሁ እስኪበርድ ያዙት። ከዚያ ሞጁሉ የሚቀመጥበትን ገጽ ወፍራም መስታወት ላይ በተዘረጋ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቀጥ ያለ ብረት አጋድማችሁ 0.05 ሚሊ ሜትር መለኪያ ምላስ ከሥሩ ማለፍ የለበትም።

ቅባቱ ቀጭን ይሁን። 60 × 40 ሚሊ ሜትር መቀመጫ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ መካከለኛ ቅባት ለ200 ዋት 3 ዲግሪ ያህል ያስከፍላል፤ ያው ቅባት 0.3 ሲወፍር 8 ዲግሪ ያልፋል። ቅባት የሚደረገው ገጾቹ ያልተነካኩበትን ክፍተት ለመሙላት ብቻ ነው፤ እንደ ዳቦ ላይ ማርማላታ የቀባ ሰው ማሞቂያ ነው የሠራው። ብሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ፣ መጀመሪያ በግማሽ ኃይል፣ ቀጥሎ በሙሉ አጥብቁ። የሞጁሉ አምራች ካልወሰነ ለኤም 4 ብሎን 1.5 ኒውተን ሜትር ይበቃል። በማግስቱ፣ አንዴ ሞቆ ከበረደ በኋላ፣ ድገሙት።

አሁን ቅርንጫፉ። ስምንቱን ሰሌዳ በተርታ ብታያይዙ የመጨረሻው ሞጁል የሰባቱን ሙቀት የተሸከመ ፈሳሽ ይደርሰዋል። ስምንቱንም ለየብቻ ብታደርጉ ደግሞ ለእያንዳንዱ በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ይደርሳል፤ ወጥመዱ እዚህ ነው። 1 ሊትር በ8 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ሲያልፍ የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍሰቱ በንብርብር መሄዱን ወይም መናጡን የሚያሳየው) 2,000 አካባቢ ነው፤ ፈሳሹ በንብርብር ይንሸራተታል፣ መሐሉ ቀዝቅዞ ያልፋል፣ ግድግዳው ከፈሳሹ በ15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል። በ6 ሚሊ ሜትር ወደ 2,600 ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ፍሰቱ ልቡን ያልቆረጠበት ቦታ ስለሆነ ንባቡ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ይላል። ስለዚህ አራት ቅርንጫፍ አድርጉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሰሌዳ በተከታታይ፣ በደቂቃ 2 ሊትር። ፍጥነቱ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይሆናል፣ ቁጥሩ 5,000 ያልፋል፣ ፈሳሹ ይናጣል፣ የግድግዳው ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል። ያው ፓምፕ፣ ያው ፈሳሽ ነው። ፍጥነቱን ከ1.5 ሜትር ግን አታሳልፉት፤ መዳቡ ከውስጥ መሸርሸር ይጀምራል።

ዋናውን ማከፋፈያ ቱቦ 19 ሚሊ ሜትር አድርጉት፣ ሲመለስም በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይሰብሰብ፦ መጀመሪያ የሚቀዳው ቅርንጫፍ መጨረሻ ይመለስ። ያኔ አራቱ እኩል መንገድ ይጓዛሉ። ለማረጋገጥ የእያንዳንዱን መመለሻ ለ30 ሰከንድ ወደ ባልዲ ልቀቁና ለኩ፤ 1 ሊትር መሆን አለበት፣ ከ10 በመቶ በላይ መለያየት የለባቸውም።

ብረቶቹን አትቀላቅሉ። አሁን የሚሸጠው የመኪና ራዲያተር አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ከመዳብ ሰሌዳ ጋር በአንድ ፈሳሽ ሲገናኝ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ዝቃጩም ቱቦ ይደፍናል። ወይ ሁሉም መዳብና ናስ ይሁን፣ ወይ ሁሉም አሉሚኒየም። የድሮ መኪና የመዳብና ናስ ራዲያተር ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ አሳድሱት።

ራዲያተሩና ከፍታው

በከፍታ ቦታ ውሃ ቀድሞ ይፈላል የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ፣ ደሴ ላይ 92 አካባቢ። ፈሳሻችሁ 45 ዲግሪ ስለሆነ ይህ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው አየሩ ነው። ፋን የሚገፋው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን ክብደቱ ነው። 2.4 ኪሎ ዋት ወስዶ በ10 ዲግሪ ብቻ የሚሞቅ 30 ዲግሪ አየር በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ያስፈልጋል? በባሕር ጠለል 740፣ በኮምቦልቻ 925፣ በደሴ 1,000 ገደማ። ካታሎግ ላይ “ይበቃል” የተባለው ፋን ሩብ ያህል የሚጎድለው ስለዚህ ነው።

ራዲያተሩ ላይ የሚገባው ፈሳሽ ከሚገባው አየር በ15 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ከተፈለገ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 160 ዋት ማውጣት አለበት። ይህን ለኮምቦልቻ በ0.8 (የአየሩ ክብደት ከባሕር ጠለሉ ሲነጻጸር) ስታካፍሉት 200 ይሆናል፤ ለደሴ በ0.74፣ 216። መሣሪያው ደሴ የሚተከል ከሆነ ካታሎግ ላይ የምትፈልጉት ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ፋኑና ራዲያተሩ መካከል 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር የላሜራ ሳጥን ይኑር፤ ፋን በቀጥታ ክንፎቹ ላይ ከተለጠፈ ማዕዘኖቹ አየር አያገኙም። ዙሪያውን በስፖንጅ ዝጉ፣ አለዚያ የሞቀው አየር ዞሮ ይመለሳል። በበጋ የኮምቦልቻ አቧራ በክንፎቹ መካከል ይሞላል፤ በየሳምንቱ ከአየሩ መውጫ በኩል በውሃ እጠቡት እንጂ አቧራውን ወደ ውስጥ አትንፉበት።

ፓምፑ

ከላይ ባለው አሠራር አንድ ቅርንጫፍ 20 ኪሎ ፓስካል ያህል ይፈጃል፤ ራዲያተር፣ ማጣሪያና ፈጣን መግጠሚያዎች ሲጨመሩ ጠቅላላው ከ50 እስከ 60 ይደርሳል። ስለዚህ በደቂቃ 8 ሊትር በ6 ሜትር ከፍታ (የ60 ኪሎ ፓስካል ግፊት ያህል) የሚሰጥ ፓምፕ ነው የሚፈለገው። ፓምፑ ላይ የተጻፉት “ከፍተኛ ፍሰት” እና “ከፍተኛ ከፍታ” በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን ኩርባ እዩ።

ፓምፑ ከታንኩ በታች ይቀመጥ፤ የመሳቢያ ጎማው አጭርና ሰፊ ይሁን። ደሴ ላይ ፓምፑ ፈሳሹን እንዲስብ ከላይ የሚረዳው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ2.7 ሜትር ውሃ ያህል ያንሳል። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ መሳቢያው ተጨናንቋል። 100 ማይክሮን የሆነውን ወንፊት ማጣሪያ ከፓምፑ በኋላ አድርጉት፤ በመሳቢያው በኩል አይሁን።

ጎማው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም (ሰው ሠራሽ የጎማ ዓይነት)፣ ጥቁርና ብርሃን የማያስገባ ይሁን፤ ብርሃን በሚያስገባ ቱቦ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል። በኢ.ፒ.ዲ.ኤም ኦሪንግ ላይ የማሽን ግሪስ አትቀቡ፣ ያብጣል፤ ሲሊኮን ግሪስ ተጠቀሙ። ፋሸታውን ጎማው እስኪቆረጥ አታጥብቁ። መጋጠሚያዎች በሙሉ ከኤሌክትሮኒክሱ በታች ይሁኑ፣ ከሥራቸውም ውሃ መያዣ ትሪ ይኑር።

ማጠብ፣ መፈተን፣ መሙላት

ከሞጁሎቹ በፊት ባዶውን መስመር እጠቡ። 5 በመቶ የሎሚ አሲድ (ሲትሪክ አሲድ) በሞቀ ውሃ ለ30 ደቂቃ አዙሩ፣ ድፉ፣ ቲዲኤስ ሜትሩ ከገባው ውሃ ጋር እኩል እስኪያነብ በማዕድን አልባ ውሃ አለቅልቁ። ከዚያ በ0.3 ባር አየር ሳሙና ቀብታችሁ ፍሳሽ ፈልጉ፤ ከዚህ በላይ በአየር አትፈትኑ፣ ቢፈነዳ ይጎዳል። በመጨረሻ በውሃ 2.5 ባር አድርጋችሁ 30 ደቂቃ ያዙት፤ ይህን ግፊት የማይችሉ የፕላስቲክ ታንክና የፍሰት መለኪያ ቀድመው ይነቀሉ።

ስትሞሉ ከታች ወደ ላይ ሙሉ፣ ከፍተኛው ቦታ ላይ የአየር መልቀቂያ ይኑር። ፓምፑን አምስት ሰከንድ አስነስታችሁ አጥፉ፤ አረፋው እስኪያልቅ ደጋግሙት።

መቁረጫው

ፍሰቱ ከ6 ሊትር በታች ለ2 ሰከንድ ሲወርድ መጀመሪያ የማጉያው ግቤት ሲግናል፣ ቀጥሎ ዲሲው ይቋረጥ። ሰሌዳ 55 ዲግሪ ሲደርስ ይጩህ፣ 65 ላይ ይቁረጥ። በሙቀት መቁረጫው ብቻ አትተማመኑ፦ ፍሰት ሲቆም ሰሌዳው በሰከንድ 0.4 ዲግሪ ያህል ነው የሚሞቀው፤ ቺፑ ከዚያ ይቀድማል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አስቡ። ማጉያው በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ) ላይ ሆኖ ፓምፑ በግድግዳው መስመር ላይ ከሆነ፣ መብራት የጠፋ ቀን ማጉያው ያለ ውሃ ይሠራል። ሁለቱም አንድ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፣ ፓምፑም ማጉያው ከጠፋ በኋላ 3 ደቂቃ ይዙር።

ቺለር (ፈሳሹን እንደ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ያላችሁ ደግሞ በክረምት ተጠንቀቁ። 24 ዲግሪ በሆነና 80 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል የጤዛው ነጥብ 20 ገደማ ነው፤ ፈሳሹን 15 ላይ ብታደርጉ ሞጁሉ ላይ ውሃ ይጠራቀማል። ቢያንስ በ3 ዲግሪ ከጤዛው ነጥብ በላይ አድርጉት።

በሬዚስተር መፈተን

ውድ ሞጁሎችን ለፈተና አታውሉ። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ የአሉሚኒየም ልብስ ያላቸውን ሁለት ባለ 120 ኦም፣ 100 ዋት ሬዚስተሮች ቅባት ቀብታችሁ እሰሩ፤ በተከታታይ 220 ቮልት ላይ ሲገቡ 202 ዋት ይሰጣሉ። ሰሌዳውን ከመሬት ሽቦ ጋር አያይዙ፣ የፍሳሽ ኤሌክትሪክ መቁረጫም ይኑር። ቮልቴጁን ለኩ፤ 200 ቮልት ከሆነ ያው ሬዚስተር 167 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ማቀዝቀዣችሁ የተሻለ ይመስላችኋል።

45 ደቂቃ ቆዩና አመዛዝኑ፦ የሊትሩ ፍሰት × የመግቢያና መውጫ ልዩነት ÷ 15 = ኪሎ ዋት። 8 ሊትር በ3 ዲግሪ 1.6 ይሰጣል። ከኤሌክትሪኩ ልኬት ከ10 በመቶ በላይ ከራቀ አንዱ መለኪያ ይዋሻል፤ ፍሰቱን በባልዲና በሰዓት አረጋግጡ።

መሣሪያው የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ መንገድ ላይ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ በውስጥ የተዘጋው አየር ተጭኖ ይጠብቃል፣ የተደበቁ ጥቃቅን አረፋዎችም ይሰፋሉ። አየሩን እንደገና አስወጡና የሬዚስተሩን ፈተና ድገሙ። በ1.6 ኪሎ ዋት ኮምቦልቻ ላይ ፈሳሹ ከአየሩ በ10 ዲግሪ ይበልጥ ከነበረ፣ ደሴ ላይ 11 ቢሆን ከከፍታው ነው። 14 ወይም 15 ከሆነ ግን ከፍታውን ተዉትና በመንገድ የተጣመመ ጎማ ወይም የተቀረቀረ አየር ፈልጉ።